ስለ «ዛሬ በታሪክ» ጥቁር ሰሌዳችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ የሚያዝበት ጥግ ላይ ጀበና ቡና የሚፈላበት የቆርቆሮ ዳስ አለ። ከዳሱ ጎን የተሰቀለውን ጥቁር ሰሌዳ የማያውቅ የሰፈሩ ሰው ጥቂት ነው። ዘወትር ማለዳ 12 ሰዓት ሳይሞላ በጠመኔ «ዛሬ በታሪክ» ብዬ የምጽፍበት እኔ ነኝ። በሙያዬ መምህር ነኝ፤ ብሎኬም ከዚያው አጠገብ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ሰው ያነባል፤ ካነበበም ይጠይቃል። ከተራ አስከባሪውም፣ ከተማሪውም፣ ከጡረተኛውም የሚመጣው ጥያቄ ተመሳሳይ እየሆነ ስለመጣ መልሱን ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ሚኒባሱ ቀድሞ መጥቶ ወሬያችን የተቋረጠባችሁ ቀሪውን እዚህ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ዓመቱ ብቻውን ሲጻፍ የእኛ ነው፤ የፈረንጆቹ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» የሚል ይቀድመዋል።

ሰሌዳው ላይ ምን ምን ይጻፋል?

ሦስት ነገር። አንደኛው በዚያ ቀን በሙዚቃ፣ በፊልም፣ በቴአትር ወይም በስፖርት የሆነ ነገር ነው። ሁለተኛው ዓለም በዚያ ቀን የሚያከብረው በዓል ነው፤ ለየት ያለ፣ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ከሆነ እመርጠዋለሁ። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ በላይ በትልቁ የሚጻፈው የእኛው ቀን ነው፦ ወሩ፣ ቀኑና ዕለቱ። ፖለቲካ አልጽፍም፤ ማለዳ ሥራ ለመድረስ የሚጣደፍ ሰው ሌላ ጭንቀት አያስፈልገውም።

የፈረንጆቹን ቀን ወደ እኛ እንዴት ነው የምትመልሰው?

ስልክ ይመልሰዋል። እኔ ግን በቃል መያዝን እመርጣለሁ፤ ልጆችም በአንድ ሳምንት ይለምዱታል። መያዝ ያለበት የእኛ ወር አንድ ሲል ፈረንጁ ስንት ላይ እንደሚሆን ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፤ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፤ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፤ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፤ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፤ መጋቢት 1 ማርች 10፤ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፤ ግንቦት 1 ሜይ 9፤ ሰኔ 1 ጁን 8፤ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፤ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፤ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6። ከዚያ መቁጠር ነው። ዓመቱ ላይ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማለቂያ 7፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ 8 ይቀነሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁሌም 8 ይቀንሳል፤ እናም ጥቅምት ላይ የተወለደ ሰው በወረቀት አንድ ዓመት ይጨመርለታል ወይም ይጎድልበታል።

ታዲያ ለምን አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን ይዛነፋል?

ጳጉሜን 6 ስትሆን ነው። በየአራት ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን አንድ ቀን ትጨምራለች፤ ስለዚህ ተከትሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 12 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። ፈረንጆቹ በፌብሩዋሪ 29 ያቺን ቀን ሲጨምሩ ነው የሚስተካከለው። ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን ግን በዚህ የተነሣ አይዛነፍም።

ይህን በደንብ የተማርኩት በ2016 ነው። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። እኔ ግን ልማዱን ይዤ ከመስከረም ጀምሬ በየቀኑ አንድ ቀን አሳስቼ ስጽፍ ከረምኩ፤ ማንም አላረመኝም። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ «ጃንዋሪ 7፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና» ብዬ አስቀድሜ ስጽፍ ቅዳሴ ደርሰው የሚመለሱ አንዲት እናት ቆሙና፣ «ልጄ፣ ዘንድሮ ገና በ28 ነው፤ ዘመነ ዮሐንስ እኮ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ በፈረንጆቹ ያው ጃንዋሪ 7 ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት እኔ ከነስልኬ የሳትኩትን በልባቸው ይዘውታል። ያን ዕለት የአራት ወር ማስታወሻዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አረምኩት። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2020 ነው፤ እስከዚያ ልጆቹ ሁሉ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

የአድዋ ድል በፈረንጆቹ መጽሐፍ ማርች 1 ነው፤ እኛ የካቲት 23ን የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ማን ነው የተሳሳተው?

ማንም አልተሳሳተም። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝን የ8ኛ ክፍል ተማሪ አልረሳውም፤ ትልልቅ ሰዎች የሚያልፉት ጥያቄ ነው።

ፈረንጆቹ በ100 የሚካፈል ዓመት ሲመጣ (በ400 ካልተካፈለ በስተቀር) ፌብሩዋሪ 29ን ይዘልላሉ። እኛ አንዘልልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1900 እነሱ አንድ ቀን ሲተዉ በመካከላችን ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። አድዋ ከዚያ በፊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 የካቲት 23 የዋለው ማርች 1 ላይ ነበር። ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። እ.ኤ.አ. 2000 በ400 ስለሚካፈል ምንም አልተለወጠም፤ ቀጣዩ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2100 ነው። የዛሬ ሕፃናት የልጅ ልጆች መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 12 ላይ ያከብራሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ከ1892 በፊት የሆነ ነገር ሲጻፍ ከላይ የሰጠኋችሁ ቆጠራ አይሠራም። ቻርሊ ቻፕሊን የተወለደው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1889 ነው። በዛሬው ቆጠራ ሚያዝያ 8 ይመስላል፤ በዚያን ጊዜው ግን ሚያዝያ 9 ቀን 1881 ነበር። የሞተበት፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1977፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1970 ነው፤ እዚያ ላይ ችግር የለም።

«ሲኒማ የተወለደው በቁልቢ ገብርኤል ዕለት ነው» ብለህ የጻፍከው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሰሌዳው ላይ ከጻፍኳቸው ሁሉ ይበልጥ የምወደውም ይኼ ነው።

ወንድማማቾቹ ሉሚየሮች ፓሪስ ውስጥ ግራን ካፌ በተባለ ቡና ቤት ምድር ቤት፣ ሰው ከፍሎ የሚያየው የተንቀሳቃሽ ምስል ትርዒት ያሳዩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነው። መግቢያው 1 ፍራንክ ነበር። የታዩት 10 ፊልሞች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። የሲኒማ ልደት ተብሎ የሚቆጠረው ይኼ ምሽት ነው።

አሁን ወደ እኛ እንመልሰው። ዓመቱ 1888 ነው፤ ዘመነ ዮሐንስ። አንዱን ቀን በዘመነ ዮሐንስ ቀንሰን፣ ሌላውን ደግሞ ከ1900 በፊት በመሆኑ ስንመልሰው ሁለቱ ይጣፋሉና ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ይሆናል። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው፤ ቁልቢ የሚነገሥበት።

1888 ደግሞ ምን ዓመት ነው? የአድዋ ዓመት። ፓሪስ ውስጥ ሰዎች የፋብሪካ ሠራተኛ በጨርቅ ላይ ሲንቀሳቀስ እያዩ ሲገረሙ፣ አምባላጌ ላይ ድል ከተገኘ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ከሲኒማ ልደት እስከ የካቲት 23 ያለው 64 ቀን ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የጻፍኩ ዕለት ሰልፉ ውስጥ የነበሩ አንድ አዛውንት ተራቸውን ለቀው ሁለቴ አነበቡት። አድዋን የሚያሳይ የተንቀሳቀሰ ምስል የሌለን ለምን እንደሆነ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚጠይቀኝ የለም፤ ሲኒማ ገና የ64 ቀን ጨቅላ ነበር።

ሲኒማ አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ነበር ያለው። የመጀመሪያው የአማርኛ ሙሉ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የወጣው በ1957 ነው። ከፓሪሱ ምሽት እስከዚያ 69 ዓመት ሄዷል።

ማይክል ጃክሰን የሞተው ሰኔ 18 ነው ወይስ 19?

ሁለቱም ትክክል ነው፤ የምትቆሙበት ቦታ ይወስነዋል። ሎስ አንጀለስ ላይ መሞቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2009 ከቀኑ በእነሱ ሰዓት 2፡26 ነው። ያ በእኛ ከሌሊቱ 6፡26 ይሆናል። በፈረንጆቹ ቆጠራ እኩለ ሌሊት ስላለፈ አዲስ አበባ ላይ ጁን 26 ገብቷል። በእኛ አነጋገር ግን ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ነው። «አጥቢያ» የምትለዋ ቃል ትረዳናለች፤ ሌሊቱን ከሁለቱም ቀን ጋር ታስተሳስረዋለች። እኔ የምጽፈው «ሰኔ 18 ቀን 2001፣ ለ19 አጥቢያ» ብዬ ነው።

ደንቤ ይኼ ነው፦ ነገሩ የሆነበትን ቦታ ቀን እይዛለሁ፤ በእኛ ሰዓት ስንት እንደነበር ደግሞ ከጎኑ እጽፋለሁ። በቀጥታ የሰሙት ሰዎች የሚያስታውሱት ሰዓቱን ስለሆነ ነው። ሌሊት በሬዲዮ ሰምቶ እስኪነጋ ሳይተኛ ያደረ የሰፈራችን ሰው ቀኑ ብቻ ሊነገረው አይገባም።

ኤፕሪል ዘ ፉል ዕለት የምትጽፈውን እንመን?

እመኑ። መጋቢት 23 ቀን ሰሌዳው ላይ ውሸት ተጽፎ አያውቅም፤ አይጻፍምም። ሰልፍ የያዘ ሰው «ዛሬ ታክሲ በነፃ ነው» ተብሎ ቢቀለድበት አይስቅም።

የምጽፈው የዚያን ቀን ታሪክ ነው። መጋቢት 23 ቀን 1949 ቢቢሲ ፓኖራማ በተባለው ቁም ነገር አዘል ዝግጅቱ በስዊዘርላንድ አንድ ቤተሰብ ከዛፍ ላይ ስፓጌቲ ሲለቅም አሳየ። ተራኪው ሪቻርድ ዲምብልቢ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ድምፁን የሚያምነው ጋዜጠኛ። ብዙ ተመልካች አመነ፤ ዛፉ እንዴት እንደሚተከል ደውሎ የጠየቀም ነበር። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ስፓጌቲ የሚበላው ሰው ጥቂት መሆኑን ካወቃችሁ አይገርምም። እዚህ ሰፈር ቢሞከር ግን አይያዝም፤ ስፓጌቲ ከምን እንደሚሠራ የማያውቅ ልጅ የለም።

እነዚህ የፈረንጆቹ አስገራሚ በዓላት እውነት በዓል ናቸው? ማን ነው የሚያውጃቸው?

ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንዳንዶቹን ትልልቅ ድርጅቶች ያወጇቸዋል። የዓለም ሬዲዮ ቀን (ፌብሩዋሪ 13፣ በአብዛኛው የካቲት 6) እና የዓለም ጃዝ ቀን (ሚያዝያ 22) በዩኔስኮ የታወጁ ናቸው። የዓለም ቴአትር ቀን መጋቢት 18 ነው፤ ያወጀውም የዓለም አቀፍ ቴአትር ተቋም ነው። ኦክቶበር 1 የዓለም ቡና ቀን ነው፤ በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በአብዛኛው መስከረም 21 ላይ፣ ማለትም በግሸን ማርያም ዕለት ይውላል። ያን ዕለት ባለ ቡናዋ እህታችን ዳሱ ውስጥ ቄጠማውን አብዝታ ትጎዘጉዛለች። ሰሌዳውም ላይ ከቡና በቀር ሌላ አይጻፍም። ቡና ያበቀለች አገር ልጆች ነንና ይህን ቀን በአንድ መስመር ማለፍ አልችልም።

ሁለተኞቹ ከሕዝብ ልማድ የወጡ ናቸው። ፌብሩዋሪ 2፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ጥር 25፣ አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፓንክሱታውኒ በምትባል ከተማ ሰው በብርድ ተሰብስቦ አንድ የዱር አይጥ መሰል እንስሳ ከጉድጓዱ ሲወጣ ይጠብቃል። ጥላውን ካየ ብርዱ ለስድስት ሳምንት ይቀጥላል ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ እንዲህ ነው። ለእኛ ገበሬ ይህ እንግዳ አይሆንም። ሰማዩን፣ ወፉንና ጉንዳኑን አይቶ ዝናብ የሚተነብይ ሰው ከአራብሳ ወጣ ብላችሁ እርሻው ዳር ስትደርሱ ታገኛላችሁ።

ሦስተኞቹ የጓደኛሞች ጨዋታ ናቸው። ሴፕቴምበር 19 (መስከረም 9) «እንደ ባሕር ወንበዴ የሚወራበት ቀን» ይባላል። ሁለት አሜሪካውያን ጓደኛሞች እ.ኤ.አ. በ1995 ኳስ ሲጫወቱ ያመጡት ሐሳብ ነው። ቀኑን የመረጡት የአንደኛው የቀድሞ ሚስት የልደት ቀን ስለሆነና ስለማይረሳ ነው። ሚያዝያ 26 ደግሞ የስታር ዋርስ ወዳጆች ቀን ነው። ፊልሙ ውስጥ «ኃይል ካንተ ጋር ይሁን» የሚለው ምርቃት በእንግሊዝኛ «ሜይ ዘ ፎርስ» ብሎ ይጀምራል፤ ሜይ 4 ደግሞ «ሜይ ዘ ፎርዝ» ነው። የእኛ ቅኔ አዋቂዎች ኅብረ ቃል የሚሉት ዓይነት ነው። በአማርኛ ሲተረጎም ወርቁ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ድምፁን እንዳለ በፊደላችን እጽፋለሁ። ፊልሙ ራሱ የወጣው ግንቦት 17 ቀን 1969 ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ዕለት ነው። በዚያ ቀን የትኛው እንደሚቀድም መናገር አያስፈልገኝም።

የእኛስ እንዲህ ያለ ቀን የለንም?

አለን፤ እንዲያውም ከእነሱ ይበልጣል። «አስገራሚ በዓል» ብለን ስለማንጠራው ነው የማይታየን።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። ዝናብ ሲጥል ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው እየዘለሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ» ይላሉ። ዝናቡ ጸበል ነው ይባላል። ከብሎካችን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ግቢው በልጆች ጩኸት ሲሞላ ሳይ፣ እነዚያ ወንበዴ መሳይ ወሬ የሚያወሩት ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እላለሁ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ጅራፉ፣ ሆያ ሆዬው፣ ሙልሙሉ። ዓለም በዚያው ቀን፣ ኦገስት 19፣ የፎቶግራፍ ቀን ያከብራል። ሁለቱን አስተሳስሬ «ዛሬ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆችን ፎቶ አንሱ፤ ሙልሙላቸውን ግን አትርሱ» ብዬ ጽፌ ነበር። ግንቦት 1 ልደታ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ንፍሮ ይቀቅላል። በኮንዶሚኒየም ሕይወት ሁሉም በሩን ዘግቶ በሚኖርበት ጊዜ ያን ቀን ግን ብሎኩ ሁሉ ሜዳው ላይ ይወጣል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ኅዳር 12 ነው። ሕዝቡ «ኅዳር ሲታጠን» ይለዋል፤ በ1911 ኅዳር ወር ያ ሁሉ ሰው ያለቀበትን የኅዳር በሽታ ተከትሎ ቆሻሻ ተቃጥሎ ሰፈር የሚታጠንበት ቀን ነው። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤልም ነው። አሁን ፈረንጆቹን እንይ። ኅዳር 12 ኖቬምበር 21 ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም ቴሌቪዥን ቀን ያለው ያንኑ ቀን ነው። ደግሞም ኖቬምበር 21 «የዓለም የሰላምታ ቀን» ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከግብፅና ከእስራኤል ጦርነት በኋላ ሁለት ወንድማማቾች ያስጀመሩት ሲሆን፣ ማድረግ ያለባችሁ ለ10 ሰው ሰላምታ መስጠት ብቻ ነው።

ባለፈው ኅዳር ይህን ጽፌ ከሰሌዳው አጠገብ ቆምኩ። ተራ አስከባሪው አንብቦ፣ «መምህር፣ እኔ እኮ በጠዋቱ ከመቶ ሰው ጋር ሰላም እባባላለሁ» አለኝ። እንደምን አደራችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ እማማስ ተሻላቸው ብሎ እያንዳንዱን ይጠይቃል። እንግዲህ ለእሱ ዓመቱን ሙሉ ኖቬምበር 21 ነው። ስለ ጭሱም ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና ልንገራችሁ፦ እኔ ፕላስቲክ ባይቃጠል እመርጣለሁ። እናቶቻችን የሚያጤሱት ቅጠልና ዕጣን ነበር።

ፌብሩዋሪ 29 የተወለደ ሰው ልደቱን መቼ ያክብር? ጳጉሜን 6 የተወለደስ?

ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ፌብሩዋሪ 29 ሁልጊዜ የሚውለው የካቲት 21 ላይ ነው፤ ስለዚህ በእኛ ቆጠራ በየዓመቱ ልደት አለው። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ደግሞ በእኛ በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ በፈረንጆቹ ግን ሴፕቴምበር 11 ስለሆነ በየዓመቱ ያገኘዋል። ብሎክ ውስጥ ጳጉሜን 6 የተወለደች ልጅ አለች። ይህን ስነግራት በጣም ደስ አላት።

ኢድንና መውሊድን ለምን ቀድመህ አትጽፍም?

በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ነው። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀድመው ይመጣሉ። ሲደርሱ በትልቁ ይጻፋሉ። ፋሲካም ያው ነው፤ ቋሚ ቀን የለውም።

ለምን የእኛ ዘፋኞችና ተዋናዮች ያንሳሉ?

ልክ ናችሁ፤ የሚያሳስበኝም ይኼ ነው። የፈረንጁ ዘፋኝ የመጀመሪያ ሸክላው የወጣበት ቀን ከነሰዓቱ ተጽፎ ይገኛል። የእኛ አንጋፋ ድምፃዊ ግን የመጀመሪያ ዘፈኑን የተጫወተበትን ዓመት ለማግኘት እንኳ አዛውንት ፈልጎ መጠየቅ ያሻል። ሀገር ፍቅር በ1927 መመሥረቱን፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው በ1948 መከፈቱን፣ ቴሌቪዥን በ1957 መጀመሩን እናውቃለን። ለቀን በቀን ሰሌዳ ግን ዓመት ብቻውን አይበቃም።

እርግጠኛ የሆንኩባቸውን ግን አልዘልም። ጥላሁን ገሠሠ የተወለደው በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1933 ነው። ያረፈው ደግሞ ሚያዝያ 11 ቀን 2001፣ በፋሲካ ዕለት ምሽት። በመስቀል መጥቶ በፋሲካ የሄደ ሰው ነው። ሥርዓተ ቀብሩ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በብሔራዊ ክብር ተፈጸመ። ያን ዓመት ሕዝቡ ሁለት ትልቅ ሐዘን አይቷል፤ ማይክል ጃክሰን የሞተው ከ67 ቀን በኋላ ነው። ጥር 29 ቀን 1997 ደግሞ ቦብ ማርሌ ቢኖር 60 ዓመት የሚሞላው ቀን ነበር፤ ያን ዕለት መስቀል አደባባይ ላይ ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። እዚያ የነበሩ ሰዎች በሰልፋችን ውስጥ አሉ። ሰሌዳውን ሲያዩ የት ቆመው እንደነበር ሳይቀር ይነግሩኛል፤ እኔም በደብተሬ እጽፈዋለሁ።

እናንተም ቤት ውስጥ የድሮ የቴአትር ቲኬት፣ ካሴት ወይም ቀን ያለበት የትርዒት ማስታወቂያ ካላችሁ አትጣሉት። አሳዩኝና ቀኑን ልገልብጥ፤ ዕቃው የእናንተው ነው።

ላይቭ ኤይድን «አዝናኝ» ሰሌዳ ላይ መጻፍህ ተገቢ ነው?

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለንደን ዌምብሊና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን የተደረገው ያ ኮንሰርት በመዝናኛ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። የተደረገው ግን በእኛ ወገን ረሃብ ምክንያት ነው። ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ የዘፋኞቹን ዝርዝር ግን አላበዛም። በዚያን ጊዜ ወሎ የነበሩ ሰዎች እዚህ ሰልፍ ይይዛሉ። አንድ ቀን አንዲት እናት ሰሌዳውን አንብበው ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ታናሽ ወንድማቸው አወሩኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን የበዓሉ መስመር ባዶ ይሆናል።

የልጄን ልደት ትጽፍልኛለህ?

ሰሌዳው ላይ የሰፈር ሰው ስም አይጻፍም። ባለ ቡናዋ ግን ፈንዲሻ ታበዛላችኋለች።

ስህተት ካገኘንስ?

በግልጽ ንገሩኝ፤ ሰው ባለበትም ቢሆን። ጠመኔው ከዳሱ መስኮት ላይ ነው። አርማችሁ ከጎኑ «ታርሟል» ብላችሁ ጻፉ። በፌስቡክ አየሁት ማለት ግን አይበቃኝም፤ አንድ ቀን በሁለት ቦታ ካልገጠመልኝ አልጽፈውም።

በዓመቱ መጨረሻ ምን ይጻፋል?

ጳጉሜን 5 የምጽፈው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አይለወጥም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። ሩጫው የተጀመረው አመሻሽ ላይ ስለነበር መሽቶባቸዋል፤ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ግራና ቀኝ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ያበሩላቸው ነበር። ያኔ ሮም ውስጥ ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው። ሐውልቱ አገሩ የገባው በ1997 ነው።

እሱ በችቦ ብርሃን ሲሮጥ እዚህ አገሩ ላይም የዘመን መለወጫ ችቦ የሚበራበት ምሽት ነበር። በሰፈራችን ችቦው የሚቀጣጠለው ከቡናው ዳስ ፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ ያን ዕለት ማታ ሰሌዳውን አላጠፋውም፤ በችቦው ብርሃን ይነበባል።